አማቴ በየበሩ የቆሙበት ሽምግልና

ባለቤቴ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ናት። ይህን ስናገር የማላውቀው ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ እኔን ያየኛል፣ ቀጥሎ እሷን ያያታል፣ ከዚያ «ማለቴ… ቢሮ ውስጥ ነው?» ይላል። ኧረ የምን ቢሮ! ቱቦ ትጎትታለች፣ መሰላል ትወጣለች፤ ፓራሜዲክም ስለሆነች የአምቡላንስ ተራዋ ሲደርስ መርፌ ትወጋለች፣ የቆመ ልብ ታስነሳለች። ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ነው የሚቀረው። እኔ የኤርፖርት ቫን ነጂ ነኝ፤ የመንገደኛ ሻንጣ ሳነሳ ወገቤን ይዤ ሳቃስት ካየችኝ «ተው በናትህ፣ እኔ ላንሳው» ትላለች፤ ያውም ሰው ፊት! ሌላው ወንድ ቢያፍርበትም እኔ እኮራበታለሁ፤ ምን ታደርጉኛላችሁ።

የምትሠራው ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ አጠገብ፣ እኛው በምንኖርባት ትንሽ ከተማ ነው። ሳክሲ ከምትባለው ጎረቤት ከተማ የሚለያት አንድ ሰፊ መንገድ ብቻ ነው። እንደ ፍሪስኮ ባሉት የዳላስ ዙሪያ ከተሞች ኪራይ ያስመረረው ሰው ሁሉ ወደዚህ ሲጎርፍ ቤቱ እንደ አሸን ፈላ፤ የእሳት አደጋ ጣቢያው ግን ያው የድሮው ነው፣ ሠራተኛውም ያው ነው። አንድ ሺፍት ሃያ አራት ሰዓት ነው፦ ዛሬ ጠዋት ትገባለች፣ ነገ ጠዋት ትወጣለች፣ ከዚያ ታርፋለች። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነው። የሚተካት ሰው ከታመመ ወይም ሥራ ከለቀቀ ግን፣ ጫማዋን ቀይራ ልትወጣ ስትል ያስቀሯታል። ያኔ ስልኬ ይጮሃል። «ማንዳቶሪ ተደረግኩ» ትለኛለች። ይህችን ቃል እኛ ቤት ትንሿ ልጃችን ሳትቀር ታውቃታለች። ሌላ ሙሉ ቀንና ሌሊት እዚያው ናት ማለት ነው፤ እምቢ ቢሉ ከሥራ ያስባርራል።

አንድ ቀን ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ የባለቤቴ መኪና በራችን ላይ ቆሟል። እሷ ቀበቶዋን እንዳሰረች፣ እጇን መሪው ላይ እንደጣለች ውስጡ ተኝታለች። መቼ እንደደረሰች እግዜር ይወቀው። መስታወቱን አንኳኩቼ ስቀሰቅሳት የመጀመሪያ ቃሏ «ጥሪ ነው?» ነበር። ደሜ ፈላ። «ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው! እናንተ ሰው አይደላችሁም?» ብዬ ሰፈሩን በጩኸት አናጋሁት። የፊት ለፊት ጎረቤቴ የውሻውን ገመድ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ቤት ገብታ ውሃ ከጠጣች በኋላ ነው ልቧ ውስጥ ያለውን የነገረችኝ። «ድካሙን እችለዋለሁ» አለች። «ግን ትናንት ለአንዲት ሴትዮ መድኃኒት ልሰጥ ብልቃጡን ሳነብ ፊደሉ ሄደብኝ። ደግሜ አነበብኩት፤ አልገባኝም። እንደገና አነበብኩት። አንድ ቀን ሰው እገድላለሁ።» ከዚያም ቁርጡን ነገረችኝ፤ እስከ ፈረንጅ ገና ነገሩ ካልተለወጠ ትለቃለች። ቢሳካላት ትልቋ ከተማ ፎርት ዎርዝ ሄዳ እንደገና ከጀማሪነት ትነሳለች፣ ካልሆነም ሙያውን እርግፍ አድርጋ ትተዋለች።

መልቀቁ ምን ያህል እንደሚከብዳት እኔ አውቃለሁ። ይህችን ከተማ ጓዳ ጎድጓዳዋን ታውቃታለች። የትኛው ሽማግሌ ኪኒኑን ሳይውጥ «ውጫለሁ» ብሎ እንደሚዋሽ፣ የትኛዋ አሮጊት በሯን ለመክፈት ጊዜ እንደሚፈጅባት፣ የትኛው ቤት ውሻ እንደሚናከስ ታውቃለች። ገበያ አብረን ስንወጣ ሰው ሁሉ በስሟ እየጠራ ያቅፋታል፤ እኔ ጋሪውን ይዤ እቆማለሁ። ያን ሁሉ ትታ ነው እንግዲህ የምትሄደው።

በሚቀጥለው እሑድ የጣቢያዋ ካፒቴን ቤታችን መጣ። ጢማም፣ ግዙፍ፣ ለስላሳ አንደበት ያለው የቴክሳስ ሰው ነው፤ የሠራተኛ ማኅበራቸው፣ የዩኒየኑም መሪ እሱ ነው። በሥራ ሰዓት ስለዚህ ነገር ማውራት ስለማይፈቀድ ነው ቤት የመጣው። የባለቤቴ አባትም ነበሩ። አማቴ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከመንገዱ ማዶ ሳክሲ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ጋ ነው ምሳቸው።

እኔ አላስችል አለኝና ካፒቴኑን ገና ከመቀመጡ ያዝኩት። «ዩኒየን አላችሁ፤ ታዲያ ለምን ከሲቲው፣ ከከተማው አስተዳደር ጋር ተቀምጣችሁ አትደራደሩም? ይሄን ማንዳቶሪ የሚባል ጣጣ ለምን በውል አታስቆሙትም?» አልኩት።

«አንችልም» አለኝ። «የከተማው ሥራ አስኪያጅ፣ ሲቲ ማናጀሩ፣ ቢፈልግ እንኳ አይችልም።»

ከዚያ አስረዳኝ። ቴክሳስ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ በማኅበሩ በኩል በጋራ ተደራድሮ ውል መፈራረም አይፈቀድለትም። ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ብቻ አንድ በር ተትቶላቸዋል፤ የሚሠሩባት ከተማ ነዋሪ ድምፅ ሰጥቶ «ይደራደሩ» ካለ ይደራደራሉ። እያንዳንዱ ከተማ ለየራሱ ነው። ፎርት ዎርዝ ያሉት ይህን በር ካስከፈቱ ቆይተዋል፤ የእኛዋ ከተማ ግን ጠይቋት የሚያውቅ የለም። ለማስጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ የመራጮች ፊርማ መሰብሰብ አለበት። ዋሽንግተን ውስጥ ለአገሩ የእሳት አደጋ ሠራተኛና ፖሊስ በሙሉ ይህን መብት የሚሰጥ ረቂቅ በየጊዜው ኮንግረስ ይገባል፤ በየጊዜውም ሳይጸድቅ ይቀራል።

«ወይ ጉድ!» አልኩ፤ መቼም ዝም አልልም። «ፌዴራል መንግሥት ስለ ቫኔ ጎማ ያገባዋል፣ ስለ ኤርፖርት መታወቂያዬ ያገባዋል፤ ስለ ሚስቴ እንቅልፍ ግን አያገባውም? እሳቱ ያው እሳት ነው! መንገዱን ስለተሻገረ ይበርዳል እንዴ?»

ካፒቴኑ ሳቀ። አማቴ ግን እጃቸውን ታጥበው ከጨረሱ በኋላ «ምንድነው የሚለው?» አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ማለት፣ የከተማው ሰው ይጠየቅ ነው ሕጉ የሚለው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል? ጥሩ ሕግ ነው። እንጠይቃቸዋ!»

የፊርማ ወረቀቱን የዚያኑ ቀን ከካፒቴኑ ተቀበሉ። በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመው ፊርማ ሲሰበስቡ ያየ ሰው ምርቃት የሚያድሉ ነበር የሚመስለው። እሳቸውን እምቢ የሚል የለም። እዚህ አካባቢ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በመኪና ሲካሰስ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሰው ተሰልፎ ፈረመ። ቄሱ ፈረሙ፣ ዘማሪዎቹ ፈረሙ፣ አንድ የፎርት ዎርዝ መጋዘን የሌሊት ሠራተኛ ለክርስትና መጥቶ እሱም ፈረመ። የመጀመሪያው ፊርማ የራሳቸው የአማቴ ነበር። ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቫኔ ውስጥ ሲገቡ ፊታቸው በርቷል። እኔም «አባባ፣ ዋሽንግተንን አስናቁት» አልኳቸው።

ካፒቴኑ ወረቀቱን እኛው ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ አየው። አንዱን ገለጠ፣ ሌላውን ገለጠ። ጢሙን ዳሰሰ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሰው ላለማስቀየም በሚጠነቀቅ ድምፅ «አድራሻው…» አለ።

አድራሻው! ጋርላንድ። ፕሌኖ። ፍሪስኮ። ሳክሲ። እንደገና ጋርላንድ። የእኛዋን ከተማ ነዋሪዎች በጣት ቆጥራችሁ ትጨርሷቸዋላችሁ፤ ከእነሱም አንዷ ገና ዜግነት አላገኘችም፤ የሚቆጠረው ደግሞ የዚችው ከተማ መራጭ ፊርማ ብቻ ነው። የሐበሻ ነገር! እዚህ አገር ስንኖር የት ነህ ሲሉን ሁላችንም «ዳላስ ነኝ» ነው የምንለው። ጋርላንድም ዳላስ፣ ፎርት ዎርዝም ዳላስ፣ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ዳር ያለውም ዳላስ። ቤተ ክርስቲያኑ አንድ፣ ዕድሩ አንድ፣ ሠርጉ አንድ ነው፤ ከመካከላችን የሲቲ ወሰን ያለፈ መስሎት ቆሞ የሚያስብ ማን አለ? እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ እነዚያን ከተሞች ስሰነጥቅ የምውል ሰው፣ ትዝ አላለኝም።

አማቴ ነገሩ ገባቸው። ከካፒቴኑ ኪስ ብዕሩን ራሳቸው አወጡ፤ መነጽራቸውን አስተካከሉና በገዛ እጃቸው መጀመሪያ የራሳቸውን ስም ሰረዙ። ከዚያ የቄሱን። ባለቤቴ «አባዬ፣ ተወው፣ እሱ ይሰርዘዋል» ብትላቸውም አልሰሟትም፤ እያንዳንዱን በእርጋታ ሰረዙት። እኔ ማየት አቃተኝና ወጥቼ ግቢውን ያለ ነገሩ ውሃ አጠጣሁ።

በቃ፣ ተስፋ ቆረጡ ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ቫኑ ዛሬ ሥራ አለው?»

«ከሰዓት ነው አባባ። ምን ልታዘዝ?»

«እንግዲያው ጠዋቱን ለእኔ። የከተማዋ ባለቤቶች፣ ነዋሪዎቹ ጋ ነው የምንሄደው። አስተርጓሚም አንተ ነህ።»

ልወስዳቸው ስሄድ በዚያ በቴክሳስ በጋ፣ አስፋልቱ በሚፈላበት ሙቀት፣ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው በር ላይ ቆመዋል። «አባባ፣ ይሄ ሰው ይገድላል፤ ኮቱን እንኳ ያውልቁት» ብል «ሰው ቤት ጉዳይ ይዞ የሚሄድ ሰው እንደ ዋናተኛ ተራቁቶ ይሄዳል?» አሉኝ።

ካፒቴኑ ፊርማ ለሚሰበስቡት በጎ ፈቃደኞች ሁሉ አንድ ዓይነት መመሪያ ሰጥቷል፦ ባጭሩ ተናገሩ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ፣ ከዚያ ብዕሩን ስጡ። እኔ ለአማቴ ተርጉሜላቸዋለሁ። እሳቸው «እሺ» ብለዋል። ምን ያደርጋል! የመጀመሪያው በር ተከፍቶ አንዲት ሴትዮ ብቅ ስትል አማቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጤናዋን ጠየቁ፣ ልጆቿን ጠየቁ፣ ዝናብ መጥፋቱን አነሱ፣ የውሻዋን ስም አስጠየቁኝ። እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ። የምተረጉመውን ሳሳጥርባቸው ደግሞ ያውቁብኛል፤ «እኔ ያን ያህል ተናግሬ አንተ ይቺን ብቻ? ቆንጥረህ ነው እንዴ የምታቀብላት?» ይሉኛል።

ሴትዮዋ አዘነችልን። «ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ» አለች፤ በረንዳው ላይ ወንበር ሳበችላቸው። አማቴ አልተቀመጡም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

ያኔ ነው የገባኝ፤ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እኔ ልጃቸውን ላገባ ሽማግሌ የላክሁት እሳቸው ቤት ነበር። የእኔ ሽማግሌዎች «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ሳሎናቸው ውስጥ ሲቆሙ፣ እሳቸው ወንበር እያሳዩ፣ እሺም እምቢም ሳይሉ አቆሟቸው፤ «ሌላ ቀን ኑ» ብለው መለሷቸው፤ ሁለተኛም መለሷቸው። ያ ወግ ለእሳቸው ቀልድ አይደለም። የመጣህበትን ሳትናገርና ሳይመለስልህ ከተቀመጥክ እንግዳ ሆነሃል፤ ከቆምክ ግን ጉዳይ አለህ። አሁን ያን ሽምግልና ለማይመርጡባት፣ ለማይኖሩባት ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይዘውት መጥተዋል። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት «ለምን አይቀመጡም?» ብላ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። ፈረመች። ወዲያው ተቀመጡና ውሃዋን ጠጡላት፤ ቤቷንም መረቁላት። ምርቃቱን አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላት።

እንዲህ ነው ያን በጋ የዋልነው። በር ሁሉ አልተከፈተም። አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ «ግብሩ ቢጨምርስ? አሁንም ከአቅሜ በላይ ነው» አለችን። በቅንነት ነው የጠየቀችው። ውል ከተፈረመ ለሲቲው ወጪ ሊኖረው እንደሚችል ካፒቴኑም አልደበቀም። አማቴ «እውነቷን ነው፤ ልትጨነቅ ይገባታል» ብለው አመስግነዋት ወረድን። እኔ ብሆን ድርቅ ብዬ ተከራክሬ ነበር የምወጣው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ጋራዡ ውስጥ የሣር ማጨጃ ፈታትቶ ሲጠግን ያገኘነውን ሽማግሌ ነው። በሩ ላይ ትልቅ ባንዲራ ተሰቅሏል። ገና አፌን ከመክፈቴ «የዋሽንግተን ነገር ከሆነ ሂዱ» አለኝ። አይደለም፣ የዚሁ የከተማችን ነው አልኩት። «ዩኒየንም አልወድም» አለ። በሆዴ «በል እንግዲህ፣ እዚህስ አለቀልን» አልኩ። አማቴ ግን ማጨጃውን ጎንበስ ብለው አይተው ስለ ሞተሩ ጠየቁት። ሰውየው ወሬው ደስ አለው። ወንበር ገፋላቸው፤ ቆሙ። እንደገና ገፋላቸው፤ አሁንም ቆሙ።

«የት ነው የሚኖሩት?» አላቸው።

«ከመንገዱ ማዶ፣ ሳክሲ» አሉት። «እዚህ ድምፅ የለኝም።»

ሰውየው መፍቻውን አስቀመጠ። «ታዲያ እርስዎ ከዚህ ምን ያገኛሉ?»

አማቴ «እንቅልፍ የጠገበች ልጅ» አሉ። «እዚህ ጣቢያ ነው የምትሠራው። እርስዎም የደወሉ ቀን የምትመጣልዎት እሷ ናት።»

ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ሰውየው እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ በዘይት የተለወሰ እጁን በጨርቅ ጠረገና ብዕሩን ተቀበለኝ። «ከዋሽንግተን ታዞ ቢመጣ እምቢ ነበር የምለው» አለ፤ «እነሱ በሬ ላይ መጥተው አይቆሙማ።»

ቫን ውስጥ ስንገባ አማቴ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «ሰማኸው?» አሉኝ። «ከላይ ቢሰጡት ኖሮ ይሄ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ልጄን ባየ ቁጥር ያጉረመርም ነበር። አሁን ራሱ ነው የሰጣት።»

እኔም ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኳቸው። «አባባ፣ እርስዎ በሱፍ ላብ በላብ ሆነው ስለለመኑላት ነው! እዚያ ማዶ ያለችው የእሳት አደጋ ሠራተኛስ? ዌስት ቴክሳስ፣ አንድ ጣቢያ ብቻ ያለበት ከተማ ያለው ልጅስ? አባቱ ባይኖርስ? ጎረቤቱ ክፉ ቢሆንስ? እንቅልፍ መተኛት እኮ የጎረቤት ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር መሆን የለበትም። ለሁሉም እኩል የሚሰጥ አንድ ሕግ ያስፈልጋል።»

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አሽከረከሩ። «እውነትህን ነው» አሉ፤ «ለሁሉም አልዳረስም።»

በሳቅ ፈረስኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ከልባቸው ነው። የቀሩትን ከተሞች እየቆጠሩ ነበር የሚመስሉት። እዚያች ቅጽበት ላይ ወደድኳቸው፤ እንደ ሚስቴ አባት ሳይሆን እንዲሁ፣ እንደ ሰው ወደድኳቸው።

ፊርማው በቃ፤ ጥያቄው ለኅዳሩ ምርጫ ቀረበ። የምርጫው ቀን ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበረች። አማቴ ከድምፅ መስጫው በር ራቅ ብሎ፣ ቀስቃሾች ከዚህ አትለፉ የሚል ምልክት ከተተከለበት ወዲያ፣ ከጠዋት ጀምረው ቆሙ። ሰሌዳ አልያዙም፣ ወረቀት አላደሉም። ለሚገባውም ለሚወጣውም ባርኔጣቸውን ብቻ ያነሳሉ። በጋ ላይ በሩን ያንኳኳንበት ሰው እያየ ያውቃቸዋል፤ መኪናውን ፓርክ አድርጎ መጥቶ የሚጨብጣቸውም ነበር። እኔ ገብቼ ድምፄን ሰጠሁና ስወጣ «እንዴት ነው ውስጡ?» አሉኝ። ለልጃቸው ብለው በየበሩ የቆሙት እሳቸው፣ የመረጥኩት እኔ። አፈርኩ፤ እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። «አቦ ተው፣ ሰው ያየናል» ብለው ነጠቁኝ።

ውጤቱን የሰማነው ማምሻውን ካፒቴኑ ቤት ተሰብስበን ነው። አለፈ። በሰፊ ልዩነት አይደለም፤ ግን አለፈ። ያ ግዙፍ ሰውዬ አማቴን ከመሬት አንስቶ አቀፋቸው። ለባለቤቴ ደወልኩላት። «አለፈ! አለፈልሽ!» ብዬ ጮህኩ።   ከዚያ ከኋላዋ የጥሪው ደወል ሲያቃጭል ሰማሁ፤ «ቆይ፣ ጥሪ ነው» ብላ ዘጋችው። ወደ አንድ ሰው ቤት ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ደወለች። ልቤ ዘሎ ስልኩን ሳነሳው «ማንዳቶሪ ተደረግኩ» አለችኝ። ምን ጠብቄ ነበር! ድምፁ ያስገኘው ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ ገና መደራደር አለ። ከተደራዳሪዎቹ አንዷ ሆና ተመረጠች፤ ክረምቱን በሙሉ ከሲቲው ሰዎች ጋር ሲነጋገሩ፣ ሲኳረፉ፣ እንደገና ሲገናኙ ከረሙ። አንዳንድ ቀን ተናድዳ ትመጣለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ «ሲቲ ማናጀሩ እኮ ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱም ጨንቆታል» ትላለች። የፈረንጅ ገና መጣና አለፈ። የመልቀቂያ ደብዳቤ አልጻፈችም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃት ትዝ ይላታል ብዬ ፈራሁ።

ውሉ የተፈረመው በጸደይ፣ ብሉቦኔት የሚባለው የቴክሳስ ሰማያዊ አበባ በየመንገዱ ዳር ሲፈነዳ ነው። የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም። አንዱን ግን አግኝተዋል፤ ሃያ አራት ሰዓት የሠራን ሰው፣ ትልቅ አደጋ ካልደረሰ በቀር፣ በላዩ ላይ ሌላ ሺፍት ማስገደድ ቀረ።

ውሉ ሥራ ላይ በዋለ ሰሞን አንድ ጠዋት ለልጄ ቁርስ እያቀረብኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። ባለቤቴ ናት፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች። ጣቢያው በዚያ ቀን ሰው ጎድሎት ነበር፤ እሷ ግን መጣች። ልጄ ማንኪያዋን አፏ ጋ አድርሳ አቆመችው። እናቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ማሚ፣ አሞሻል?»

«አላመመኝም፣ የኔ ቆንጆ። ሥራዬን ጨርሼ ነው።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች፤ እየቀለድንባት እንደሆነ ፊቴ ላይ ፈለገች። ከዚያ ወደ እናቷ ተመለሰች።

«ሥራ ያልቃል እንዴ?» አለቻት።